«ሜኑውን ወደ ቀኝ አዙርልን»

«ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ። የደወሉት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። «በግራ በኩል ያለውን ሜኑ ወደ ቀኝ አዙርልን። ለአንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።» እኔም «ምን ችግር አለው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2004 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ድረ ገጹ 140 ያህል ገጾች ነበሩት። እያንዳንዱን በእጄ ነው የጻፍኩት። እያንዳንዱም በሰንጠረዥ፣ በእኛ አፍ በቴብል፣ የቆመ ነው። የአምስት ደቂቃዋ ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀችብኝ።

ይህን የማወራው ያረጀ ኮድ ተረክቦ «ይህን ሁሉ ቴብል ምን ላድርገው?» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሥራውን ገና የጀመረ፣ «ቴብል አትጠቀም» የሚል ምክር ሰምቶ ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል። ሁለቱንም ዘመን ኖሬበታለሁ። በሁለቱም ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ለቴብል ጥብቅና ልቁም። ዛሬ የቴብል ገጽ ከፍቶ ኮዱን ያየ ወጣት ሁሉ ይስቃል። እኛ ግን ከመሬት ተነስተን አይደለም የተጠቀምንበት። ቴብል በ1995 በዘመኑ ታዋቂ በነበረው ብራውዘር፣ በኔትስኬፕ 1.1 ላይ መጣ። ሆኮን ዊየም ሊ የሲኤስኤስን፣ ማለትም የገጹን መልክ ከይዘቱ ለይቶ የሚጽፈውን ቋንቋ፣ ሐሳብ ያቀረበው በ1994 ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ደረጃ የጸደቀው በዲሴምበር 1996 ነው። ከጸደቀም በኋላ ወረቀት ላይ መስፈሩና ብራውዘር ላይ መሥራቱ ለየቅል ነበሩ። ኔትስኬፕ 4 ላይ ተጠቃሚው ጃቫስክሪፕትን ከዘጋ ስታይል ሺቱም፣ ማለትም ሲኤስኤሱ የተጻፈበት ፋይል፣ አብሮ ይጠፋ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቀለሙም፣ የፊደሉ መጠንም፣ ሁሉም ድራሹ ይጠፋል።

ከዚህም በላይ ያ የመጀመሪያው ሲኤስኤስ ገጽን በዓምድ የሚከፍል መሣሪያ አልነበረውም። ፍሎት ነበር፤ እሱም የተሰጠው ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲፈስ ነው። ቴብል ግን ዓምድ አለው፣ ረድፍ አለው። ጎን ለጎን ያሉ ሴሎች ቁመታቸው ሁልጊዜ እኩል ነው። ጽሑፍን ሴሉ መሃል ላይ፣ ከላይም ከታችም እኩል አርቆ ማስቀመጥ የአንድ ቃል ሥራ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሲኤስኤስ እንደ ሰው ሊሠራት ስንት ዓመት እንደፈጀበት የሚያውቅ ያውቃል።

የያኔው አሠራር ይህን ይመስል ነበር። ዲዛይኑን በፎቶሾፕ እንደ አንድ ትልቅ ሥዕል እጨርሳለሁ። ከዚያ እቆራርጠዋለሁ። አርማው አንድ ቁራጭ፣ የሜኑው ጥግ አንድ ቁራጭ፣ ጥላው አንድ ቁራጭ። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹን በቴብል ሴሎች ውስጥ መልሼ እገጣጥማለሁ። ስፌቱ እንዳይታይ ቦርደር (የጠርዝ መስመሩ) ዜሮ፣ ሴልፓዲንግ (በሴሉ ውስጥ ያለው ክፍተት) ዜሮ፣ ሴልስፔሲንግ (በሴሎች መካከል ያለው ክፍተት) ዜሮ። እነዚህን ሦስቱን እንደ ዳዊት በቃሌ ነበር የምደግማቸው።

ባዶ ሴል ደግሞ ስፋቱን አይጠብቅም። ብራውዘሩ ውስጡ ያለውን ዓይቶ ያጠበዋል። ስለዚህ አንድ ፒክስል በአንድ ፒክስል የሆነች፣ የማትታይ፣ ብርሃን አስተላላፊ የጂአይኤፍ ሥዕል እናስገባለን። ስፋቷን 150 ብለን እንለጥጣታለን። ገጹ በእሷ ላይ ተደግፎ ይቆማል። እኔ ፋይሏን «ባዶ» ብዬ ነበር የምጠራት። አንድ ገጽ ላይ ከሠላሳ በላይ ባዶዎች የቆጠርኩበት ቀን አለ።

ቴብል በቴብል ውስጥ፣ እሱም በሌላ ቴብል ውስጥ ይገባል። አንድ መዝጊያ ታግ፣ ማለትም «ቴብሉ እዚህ ያበቃል» የሚለው የኮድ ምልክት፣ ከተረሳ ኔትስኬፕ 4 ምንም አያሳይም። ባዶ ነጭ ገጽ። ስህተቱ የት እንዳለ ፍንጭ የለም። የእኔ መላ እያንዳንዱን ቴብል ስከፍት መዝጊያውን እዚያው ወዲያው መጻፍ፣ ከዚያ ወደ መሃል ተመልሶ መሙላት ነበር። ይህን ልማድ ዛሬም አልተውኩትም።

ወደ አሥራ አንዱ ቀን ልመለስ። ስልኩን ስዘጋ ያሰብኩት በፈልግና-ተካ ላልፈው ነበር። ቀላል መስሎኝ። ግን በቴብል ውስጥ ቦታ የሚወሰነው ኮዱ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው። የሜኑው ሴል ከዋናው ጽሑፍ ሴል ቀድሞ ተጽፏል፤ ስለዚህ በግራ ይታያል። ወደ ቀኝ ለመውሰድ ሴሉን ከነሆድ ዕቃው ቆርጦ ከጽሑፉ በኋላ መለጠፍ ግድ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ። ሜኑው ውስጥ ደግሞ ሌላ ቴብል አለ። ጽሑፉ ውስጥም ሌላ አለ። ኮምፒውተሩ የትኛው መዝጊያ የትኛውን እንደሚዘጋ በፈልግና-ተካ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ገጾቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ ነካክቻቸዋለሁ። አንዱ ላይ የላይኛው ረድፍ ኮልስፓን (ሴሉ የሚይዘው የዓምድ ብዛት) ሦስት ነው፣ ሌላው ላይ አራት። የሜኑው ጥላ በቀኝ ጠርዝ የተሣለ ሥዕል ነው፤ ሜኑው ሲዞር ጥላው በተቃራኒው ወደቀ። ያንንም እንደገና መሣል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ገጾቹን ስሠራ በየገጹ የቆጠብኩትን አምስት አምስት ደቂቃ፣ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ከነወለዱ ከፈልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ላይ የገባኝ ነገር አለ። የደከምኩት ቴብል መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ሜኑው የት ይቀመጥ የሚለውን ውሳኔ 140 ቦታ ስለጻፍኩት ነው። አንድ ቦታ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እውነትም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሥራ አስኪያጇ አልተሳሳቱም።

በሚቀጥለው ዓመት ሙሉውን በስታይል ሺት ልሠራው ተነሳሁ። ያኔ ያገኘሁት ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ዓምድ የምሠራው በፍሎት ነው። ሜኑው ወደ ቀኝ ይንሳፈፍ፣ ጽሑፉ ወደ ግራ። በሐሳብ ያምራል። መጀመሪያ የመታኝ የስፋት ሒሳብ ነው። በደረጃው መሠረት አንድ ሳጥን ስፋቱ 200 ነው ካልከው፣ ፓዲንጉ፣ ማለትም በይዘቱና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት፣ እና ቦርደሩ በዚያ ላይ ይደመራሉ። 20 ፓዲንግ በግራና በቀኝ ስትጨምር ሳጥኑ 240 ይሆናል። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ዊንዶውስ ላይ ግን 200 ማለት ሁሉንም አጠቃሎ 200 ነው። ስሪት 6 ደግሞ የገጹን የመጀመሪያ መስመር፣ ዶክታይፑን፣ ዓይቶ አንዱን ወይ ሌላውን ይመርጣል። አንዱ ብራውዘር ላይ ልክ የመጣው ሌላው ላይ ይፈርሳል።

የሚገርመው ዛሬ አብዛኞቻችን ስታይል ሺታችንን ስንጀምር ቦክስ-ሳይዚንግን ቦርደር-ቦክስ እናደርገዋለን። ይህም ማለት ፓዲንጉ በስፋቱ ውስጥ ይቆጠር ማለት ነው። ለሰው አእምሮ የሚቀርበው ለካ ያ ሁሉ የተሳቀበት የኤክስፕሎረር 5 ሒሳብ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ የዓምድ መውደቅ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ፍሎቶች ጠቅላላ ስፋታቸው ከያዣቸው በአንድ ፒክስል እንኳ ከበለጠ፣ የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም በታች ይወርዳል። አንድ ጸሐፊ ሰፋ ያለ ፎቶ ያስገባል፤ ኤክስፕሎረር 6 ሳጥኑን ይለጥጠዋል፤ ዋናው ጽሑፍ ከሜኑው ሥር ይወድቃል። ስልክ ይደወልልኛል። «ጽሑፉ ጠፋ!» አልጠፋም። ወደ ታች ቢወርዱ ያገኙታል። ያው ብራውዘር ፍሎት በተደረገበት አቅጣጫ ያለውን ማርጂን (ከሳጥኑ ውጪ ያለውን ክፍተት) በእጥፍ የማሳደግ የታወቀ ጉድለትም ነበረበት። መድኃኒቱ ሳጥኑን ዲስፕሌይ ኢንላይን ማለት ነው። ለምን ይሠራል? አትጠይቁኝ። ይሠራል።

የዓምዶች ቁመትም እኩል አይሆንም። አጭሩ ሜኑ ጀርባው ቀለም አለው፤ ቀለሙ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በያዣው ሳጥን ጀርባ ላይ ወደ ታች የሚደጋገም ቀጭን ሥዕል እናነጥፋለን፤ ዓምዱ እስከ ታች የወረደ ያስመስላል። ማታለያ ነው። በቴብል ያለ ምንም ማታለያ የሚገኘውን ነገር በማታለያ ማግኘት ትንሽ ያሳፍራል።

ታዲያ ተመልሼ ወደ ቴብል ያልሄድኩት ለምንድን ነው? አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ እንደገና ደውለው ሜኑው ወደ ግራ ይመለስ አሉ። በአንዱ ፋይል ውስጥ ሁለት ቃል ቀየርኩ። አስቀመጥኩ። 140ዎቹም ዞሩ። ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ «አሁን እስቲ ይዩት» አልኳቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ አልረሳትም። የገጾቹም ክብደት ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ስታይል ሺቱ አንዴ ከወረደ ብራውዘሩ ያስቀምጠዋል፤ ለቀጣዩ ገጽ ደግሞ አያወርደውም።

ግን አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር፣ ብዙ ሰውም ይሠራዋል። ቴብሉን ስለውጥ እያንዳንዱን ሴል ወደ ዲቭ፣ ማለትም የራሱ ትርጉም የሌለው ተራ ሳጥን ወደሚሠራ ታግ፣ ቀየርኩት። አንድ ሴል፣ አንድ ዲቭ። በቴብል ውስጥ ያለ ቴብል፣ በዲቭ ውስጥ ያለ ዲቭ። አልሸሹም ዞር አሉ! ለዲቮቹ የሰጠኋቸው ስሞችም «ግራ»፣ «ቀይ-ሳጥን»፣ «ላይ-ቀኝ» ነበሩ። ሜኑው ሲዞር «ግራ» የሚባለው በቀኝ ቆመ። ቀለሙ ሲቀየር «ቀይ-ሳጥን» ሰማያዊ ሆነ። ከእኔ በኋላ ኮዱን የተረከበው ልጅ ምን ብሎ እንደሰደበኝ አላውቅም፤ ይገባኛል። ስም የሚሰጠው ነገሩ ምን እንደሆነ ነው። «ሜኑ»፣ «ማስታወቂያ»፣ «የግርጌ-መረጃ»። ምን እንደሚመስል የስታይል ሺቱ ጉዳይ ነው።

ቴብል ለምን ለገጽ አቀማመጥ እንደማይሆን በደንብ የገባኝ ግን ከኮዱ ላይ አይደለም። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

የአንድ ድርጅት የመመዝገቢያ ቅጽ ሠርቼ ነበር። ቅጹን ከሚሞሉት አንዱ ዓይነ ስውር መምህር ነበሩ። ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። «ቅጽህን መሙላት አልቻልኩም» ብለው ጻፉልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ እንዳዳምጥ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ቅጹን ያዋቀርኩት በቴብል ነው። በላይኛው ረድፍ ሦስት ሴሎች፦ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ። በታችኛው ረድፍ ሦስት ማስገቢያ ሳጥኖች። ለዓይን በጣም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ስም በሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል።

ፕሮግራሙ ግን የሚያነበው በረድፍ ነው። «ሰንጠረዥ፣ ሦስት ዓምድ፣ ስምንት ረድፍ» ብሎ ጀመረ። «ስም። ኢሜይል። ስልክ።» ከዚያ «ማስገቢያ። ማስገቢያ። ማስገቢያ።» የትኛው ሳጥን የማን ነው? እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «አየህ?» አሉኝ። እሳቸው «አየህ» ሲሉኝ እኔ መግቢያ አጣሁ።

የሚያሳፍረው ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ የነበረ መሆኑ ነው። ኤችቲኤምኤል 4፣ የድረ ገጽ መጻፊያው ቋንቋ አራተኛ ስሪት፣ በ1997 ሲወጣ ቴብል ለገጽ አቀማመጥ ብቻ መዋል እንደሌለበት ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱም በዓይን በማይነበብበት ቦታ ችግር ያመጣል። የ1999ኙ የተደራሽነት መመሪያም የቴብሉ ይዘት በተርታ ሲነበብ ትርጉም ካልሰጠ ለአቀማመጥ አትጠቀሙበት ይላል። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ሲነበቡ ደንብ ይመስላሉ። መምህሩ አጠገብ ስትቀመጥ ደንብ አይመስሉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፈተና አለኝ። አዲስ ገጽ ስጀምር ስታይል ሺት የሚባል ነገር አልነካም። ይዘቱን ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች በሚነበብበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ርእስ፣ ሜኑ፣ ዋናው ጽሑፍ፣ ተጨማሪው፣ ግርጌው። ከዚያ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ትርጉም ከሰጠ ወደ ዲዛይኑ እገባለሁ። ካልሰጠ ምንም ዲዛይን አያድነውም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን አንባቢ ለዊንዶውስ በነፃ ይገኛል፤ ስልኮችም አብሯቸው የሚመጣ አላቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የራሳችሁን ገጽ አንድ ጊዜ አዳምጡ። አንድ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ጥሩው ዘመን። በ2007 አይፎን ሲመጣ የቴብል ገጾች ችግር በአንድ ጊዜ ፈጠጠ። ስልኩ ገጹ 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል፤ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ሦስት ሴል ያለው ረድፍ ደግሞ በጠባብ ስክሪን ላይ እንደ ልብ ተደራርቦ አይቆምም፤ ቴብል ነዋ። በስታይል ሺት ግን ስክሪኑ ሲጠብ ሌላ አቀማመጥ ማዘዝ ይቻላል። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት ለዚህ አሠራር «ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን» የሚል ስም የሰጠው በ2010 ነው። ከዚያ ፍሌክስቦክስ መጣ፤ በአንድ መስመር ላይ ነገሮችን ለመደርደርና መሃል ላይ ለማስቀመጥ ገላገለን። በማርች 2017 ደግሞ ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሳፋሪ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ግሪድን፣ ገጽን በረድፍና በዓምድ የሚከፍለውን የሲኤስኤስ መሣሪያ፣ አስገቡ።

ግሪድን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠቀም የተሰማኝን ልንገራችሁ። «ይህማ ቴብሌ ነው!» ነበር ያልኩት። ረድፍ አለው፣ ዓምድ አለው፣ ቁመቱ እኩል ነው፣ አንድ ሳጥን ሁለት ዓምድ መያዝ ይችላል። ከ1995 ጀምሮ የፈለግነው ነገር ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ሠንጠረዡ ያለው በስታይል ሺቱ ውስጥ ነው፤ ይዘቱ ስለእሱ አያውቅም። ቴብል የምንጠቀም ሰዎች ፍላጎታችን ልክ ነበር። ቦታው ነው ልክ ያልነበረው።

በግሪድ ለየቦታው ስም ሰጥታችሁ አቀማመጡን በጽሑፍ እንደ ሥዕል ትጽፉታላችሁ። አንድ መስመር ላይ «ራስጌ ራስጌ»፣ ከሥሩ «ሜኑ ጽሑፍ»፣ ከሥሩ «ግርጌ ግርጌ»። ሜኑው ወደ ቀኝ ይዙር ከተባለ መሃለኛውን መስመር «ጽሑፍ ሜኑ» ትሉታላችሁ፤ የዓምዶቹንም ስፋት ቦታ ታለዋውጣላችሁ። አለቀ። በነገራችን ላይ የቦታዎቹን ስም ልክ እዚህ እንደጻፍኩት በፊደላችን ብትጽፏቸውም ይሠራሉ። ሲኤስኤስ ስም በላቲን ብቻ ይሁን አይልም። እኔ ለራሴ በምሠራቸው ላይ እንዲህ አደርጋለሁ።

ግሪድ ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ የቴብል ቅርስ ይመስላል። ኤፍአር በሚባለው፣ የቀረውን ቦታ በሚያካፍለው መለኪያ የተሰጠ ዓምድ ውስጡ ካለው የማይሰበር ነገር በታች አይጠብም። ረጅም ሊንክ ወይም የኮድ መስመር ከገባ ዓምዱ ይለጠጣል፣ ገጹም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ልክ ረጅም ቃል የቴብል ሴልን እንደሚለጥጠው። መፍትሔው ለዚያ ዓምድ ዝቅተኛና ከፍተኛ ስፋት የሚወስነውን ሚንማክስ ተጠቅማችሁ ዝቅተኛውን ዜሮ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። በግሪድም በፍሌክስቦክስም ነገሮችን ኮዱ ላይ ካሉበት ቅደም ተከተል ውጪ ማሳየት ይቻላል። ዓይን አንድ ነገር ያያል፤ በኪቦርድ ታብ እየተጫነ የሚሄድ ሰው ግን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ መሃል ይዘላል። ስክሪን አንባቢውም የኮዱን ቅደም ተከተል ነው የሚያነበው። እንደ መምህሩ ያለ ሰው እንደገና መጥፋቱ ነው። ሜኑን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ብዙም አይጎዳም። የማዘዣ ቅጽን ደረጃዎች ማዘበራረቅ ግን ይጎዳል።

ያረጀ የቴብል ገጽ ዛሬ ቢሰጠኝ ምን አደርጋለሁ? ቴብሉን አላስተካክልም። አዲስ ባዶ ፋይል ከፍቼ ጽሑፉን ብቻ አወጣለሁ። ሁሉን ገጽ በአንድ ጊዜ አልነካም፤ በብዛት የሚጎበኘውን አንዱን እመርጣለሁ፣ ተመሳሳይ አቀማመጥ ያላቸው ስንት እንደሆኑም እቆጥራለሁ። 140 ገጽ የነበረው ድረ ገጽ ሲጣራ አራት ዓይነት አቀማመጥ ብቻ ነበረው። አራት ነው የሚሠራው። እየሠራሁ ሳለሁም አሮጌው ገጽ በቦታው ይቆያል። አዲሱ በስልክ፣ በኪቦርድና በጆሮ ካልተፈተነ አይወጣም። ሌላም አለ። የድሮ ዶክታይፕ የሌለው ገጽ ላይ አዲሱን ዶክታይፕ ብቻ ጨምራችሁ እንዳትተዉት። እኔ አድርጌው የተቆራረጡት ሥዕሎች በሙሉ በመካከላቸው ክፍተት ፈጠሩ፤ አርማው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ሆነ። ሥዕል በደረጃው መሠረት እንደ ፊደል መስመር ላይ ይቀመጣል፤ እንደ «g» እና «p» ወደ ታች ጅራት ላላቸው የላቲን ፊደሎች የሚተወው ቦታ ከሥሩ ይቀራል። ሥዕሎቹን ዲስፕሌይ ብሎክ ስትሉ ይጠፋል።

ደግሞ እንዳትሳሳቱ፤ ቴብልን ጨርሶ አትሽሹት። እኔ አንድ ሰሞን ሃይማኖት እንደ ቀየረ ሰው ሆኜ ነበር። ቴብል የተባለ ታግ በኮዴ ውስጥ እንዳይታይ ማልኩ። የአንድ ዓመት ወርሃዊ ሒሳብ የያዘ ዝርዝር ሲመጣልኝም በዲቭ ሠራሁት። አሥራ ሦስት ረድፍ፣ ስድስት ዓምድ፣ ሁሉም ዲቭ። ቆንጆ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀድታ ወደ ኤክሴል ስትለጥፈው ሁሉም ቁጥር በአንድ ዓምድ ተደርድሮ ወረደ። «ይህ ምንድን ነው የሠራኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስክሪን አንባቢም ቢሆን እውነተኛ ቴብል ላይ «ማርች፣ ወጪ፣ ይህን ያህል» እያለ ሴሉን ከራስጌው ጋር ያገናኛል። በዲቭ የተሠራው ላይ ቁጥር ብቻ ይጠራል።

አንድን ነገር ለማስረዳት «በዚህ ረድፍና በዚህ ዓምድ መገናኛ ላይ ያለው» ማለት ካስፈለገ ያ ነገር ቴብል ነው። ያን ጊዜ በወግ በማዕረግ ይሠራ። ካፕሽን፣ ማለትም የራሱ ርእስ፣ ይኑረው። የራስጌ ሴሎቹ ቲኤች በሚባለው ታግ ይጻፉ፣ የዓምድ ወይም የረድፍ መሆናቸውም ስኮፕ በሚባለው ምልክት ይነገር። በስልክ ላይ ከሰፋ ቴብሉን በሚንሸራተት ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ አንባቢው በጣቱ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሴሎቹን ወደ ብሎክ እየቀየሩ መደርደር ያምራል፤ ግን አንዳንድ ብራውዘር ላይ ቴብልነቱን ያጠፋዋል፣ ስክሪን አንባቢውም ቴብል መሆኑን አያውቅም።

በመጨረሻ ኢሜይል አለ። ኢሜይል ሌላ ፕላኔት ነው። የዊንዶውሱ አውትሉክ ከ2007 ስሪት ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በወርድ የማሳያ ሞተር ነው። የሰነድ መጻፊያው ወርድ! በቅርቡ የመጣው አዲሱ አውትሉክ ከዚህ ወጥቷል፤ አሮጌው ግን ገና በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። እሱ ላይ ግሪድ የለም፣ ፍሌክስቦክስ የለም። የሚታመነው ቴብል ነው፤ ስፋቱም በቴብሉ ላይ በቁጥር ይጻፋል፣ ስታይሉም በየታጉ ላይ። እዚያ ያለው ነገር እንደ 1998 ነው። ባለኝ ልምድ ሦስት ነገር አይረሳ። እያንዳንዱ የአቀማመጥ ቴብል ላይ ሮል ፕሬዘንቴሽን ይጻፍበት፤ ስክሪን አንባቢው «ሰንጠረዥ፣ ሁለት ዓምድ» እያለ እንዳያደናቁር። በተቻለ መጠን አንድ ዓምድ ብቻ ይሁን። ኮዱም አይብዛ፤ ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ይቆርጠዋል፤ ከተቆረጠው ጋር ከግርጌው ያለው «አትላኩልኝ» የሚለው ሊንክም አብሮ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ የኢሜይል ቅርጽ ስሠራ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ቦርደር ዜሮ፣ ሴልፓዲንግ ዜሮ፣ ሴልስፔሲንግ ዜሮ። ጣቴ ራሱ ነው የጻፈው። «ቴብል ክልክል ነው ብለኸን አልነበር እንዴ?» አለኝ። ወንበር ሳብ አድርጌ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ከዚያ ከስልኩ ጀምሬ አወራሁለት።